ቀድሞ የተጻፈ ሰላም

እምቢታ ሰውየውን የያዘችው በቀበቶው ነበር። ኮሌታውን ብትይዘው ኖሮ ጃኬቱን ትቶላት ይሮጥ ነበር። በቀበቶው የተያዘ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ተወራጨና እንደማያዋጣው ሲገባው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

"እትዬ፣ ሱሪዬ ሊወልቅ ነው።"

"ይውለቅ። በዚህ ጨለማ ማን ሊያይልህ ነው?"

"ኧረ ሆዴን ቆረጥሽው!"

"ጣሪያ ስትገነጥል አልቆረጠህም፣ አሁን ቆረጠህ?"

ባትሪዋን ፊቱ ላይ ስታበራ አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ከሲታ፣ ጉንጩን ቆርቆሮ የጫረው ሰው አየች። ከጃኬቱ ሥር ሁለት ጥቅል ክር ወደቀ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ። ነጩ እግሯ ሥር ቀረ፤ ሰማያዊው እየተተረተረ ወለሉ ላይ ተንከባለለና በመደርደሪያዎቹ መሃል ጨለማው ውስጥ ገባ። ሁለቱም በዓይናቸው ተከተሉት።

"ለዚች ነው?" አለችው።

"ልብስ ሰፊ ነኝ። ጀምሬ የተውኩት ሥራ አለ፤ ባለቤቱ ነገ ና ብሎኝ…" ሊጨርስ ሲል ሳል ያዘው። ሲስል ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይል ነበር።

እምቢታ ስሟ አይደለም፤ የክር መጋዘኑ ሠራተኞች ያወጡላት ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት የሥራ አስኪያጁ አማች መኪናውን አስነስቶ ሊወጣ ሲል "የኋላውን ክፈተው" አለችው። "ማን እንደሆንኩ አታውቂም እንዴ?" ቢላት "አውቃለሁ፤ ክፈተው" አለች። ጥሩንባውን ነፋ፣ ተሳደበ፣ ስልክ አወጣ። እሷ በሩ መሃል ቆማ "እምቢ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ይኸው አራት ወሯ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እናቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ እንኳን የለም።

ትምህርቷ እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ማንበብ ታነባለች፤ ስትጽፍ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ ድንጋይ ተሸክማ ነው የምታስቀምጠው። ሲቀጥሯት አንድ ቀን ሥልጠና ነበረ። አሠልጣኙ በጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ አንቀጽ ሲያነብላቸው ዋለ፤ አንዱም ልቧ ውስጥ አልገባም። በመጨረሻ ወረቀቱን አጠፈና አራት ጣቱን አወጣ።

"ዘበኛ ፖሊስ አይደለም። ዳኛም አይደለም። ታያላችሁ፣ ትጮኻላችሁ፣ ትይዛላችሁ፣ ታስረክባላችሁ። ያውም ወዲያው! አምስተኛ የለም።"

"ትንሽ ብንቀጠቅጠውስ?" አለ ከኋላ አንዱ።

"አምስተኛ የለም አልኩ።"

"ቆልፈንበት ብናሳድረውስ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጣት ነው ያሳየሁህ?"

ይሄንን ግን አልረሳችም። የሚቆጠር ነገር አትረሳም። አይታለች፤ ፊሽካ ነፍታለች፤ ይዛለች። የቀረችው አራተኛዋ ናት። የድርጅቱ ደንብ ግን ከፖሊስ በፊት ለሥራ አስኪያጁ ይደወል ስለሚል፣ በአንድ እጇ ቀበቶውን እንደያዘች በሌላው ደወለች።

"ማነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ በእንቅልፍ ድምፅ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ፣ የመጋዘን ጥበቃ። ሌባ ይዣለሁ። በጣሪያ ነው የገባው። ፖሊስ ልጥራ ብዬ…"

"ማን ፖሊስ ጥሪ አለሽ?" እንቅልፉ ከድምፁ ላይ ጠፋ። "ፖሊስ ከመጣ ቤቱን ያሽገዋል፣ ዕቃ ልቁጠር ይላል፣ ሥራዬ ቆሞ ይከርማል። ክር ቤት አስገቢውና ቆልፊበት። ጠዋት ሰዎች ይዤ እመጣለሁ። ማን እንደላከው ያኔ ይለፈልፋል።"

"ደረቱን የሚያመው ይመስለኛል። ክር ቤት ደግሞ አየር የለውም።"

"ጥበቃ ነሽ ወይስ ሐኪም? መዝገቡም ላይ ምንም እንዳትጽፊ። ሰማሽኝ? አይ ካልሽ፣ አንቺም እናትሽም ነገ ሌላ መኝታ ፈልጉ።"

ስልኩን ዘጋው።

የጥበቃ ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ። አልጋው ላይ እናቷ ተኝተዋል። እግራቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት፣ ጆሮአቸው ከከዳቸው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከዚህ ቤት ከወጡ መሄጃ የላቸውም። እምቢታ ለራሷ እምቢ ማለት አይከብዳትም። የእናቷን አልጋ አስይዛ እምቢ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

"ና ወዲህ" አለችው ሰውየውን። "እስኪነጋ ነው።"

ክር ቤት ከዋናው አዳራሽ ጥግ፣ ከጥበቃ ቤቷ ጀርባ ያለ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። በሩ ብረት ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የክር እስር ተደርድሮበታል። ክሩ ድምፅ ይውጣል። እዚያ ውስጥ ቆሞ ያጨበጨበ ሰው እጁ ሲገጥም ያያል እንጂ ጭብጨባውን በቅጡ አይሰማውም። የጥጡ ብናኝ ደግሞ በባትሪ ብርሃን ሲታይ ጭስ ይመስላል። ሰውየው ደፉ ላይ እግሩን ተከለ።

"እትዬ፣ እዚህስ አታስገቢኝ። ፖሊስ ጥሪብኝ። እስር ቤት እንኳን መስኮት አለው።"

ገፋችው። ቆለፈች። ቁልፉ ሲዞር እጇ ላይ የቀዘቀዘ ነገር ወረደባት፤ የብረቱ ነው ብላ አለፈችው።

ቤቷ ገብታ ነጩን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መዝገቡን ከፈተች። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ዘበኛ በየሰዓቱ ዞሮ "ሰላም ነው" ብሎ መጻፍ አለበት። ከእሷ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ ሥራውን ሲያስረክቧት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ካስቆጠሯት በኋላ፣ ዘዴውን አስተማሯት። "ማታ እጅሽ ሳይበርድ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ሁሉንም ሰዓት ጻፊው። ማን ሌሊት ለሌሊት እስክሪብቶ ይፈልጋል? እኔ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።" ለእሷ ደግሞ አንድ መስመር መጻፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ስለዚህ ከሁለት ሰዓት ጀምራ ትጽፋለች። አሁንም መዝገቡ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ስድስት ሰዓት፦ ሰላም ነው። ሰባት ሰዓት፦ ሰላም ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ እስከ አሥራ ሁለት። የሷ የተጣመሙ ፊደሎች ተሰልፈው ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

የክር ቤቷን ቁልፍ ሲሰጧት ግን ሽማግሌው እጃቸው ላይ ትንሽ አቆይተዋት ነበር። "ይቺን አትክፈቺ፣ አትዝጊ። እንደነበረች ተያት" ብለው ነበር። ምክንያቱን አልጠየቀችም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ወጥታ ብረቱን መታች። ደጅ ካለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው። የሰፈሩ ዘበኞች በየሰዓቱ የሰዓቱን ቁጥር ይመታሉ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይመልሳል፤ እንዳልተኙ የሚተዋወቁት በዚህ ነው። ስምንት ጊዜ መታች። ከእንጨት መሰንጠቂያው በኩል ስምንት ተመለሰ። ከወፍጮው በኩል ስምንት ተመለሰ። ከዚያ ዝም ሲል፣ ከኋላዋ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ቡጢ፣ ዱብ፣ ዱብ እያለ ስምንት ተመለሰ።

ቆጠረችው። ስምንት ነው።

ወደ ክር ቤት ሄዳ በሩን በዱላዋ ደበደበች። "አርፈህ ተኛ! ብረቴን እየቆጠርክ አታንኳኳብኝ!"

"እኔ አላንኳኳሁም።" ድምፁ ከበሩ ሥር፣ ከመሬት ነው የመጣው። "እኔ እዚህ በሩ ሥር አየር ፍለጋ ተኝቻለሁ። ያንኳኳው ያኛው ነው።"

"የቱ ያኛው?"

"ከኔ ጋር ያስገባሽው ሰው።"

"ሞኝህን ፈልግ! ይሄን ወሬ ስሰማ በሩን የምከፍት መሰለህ?"

"አትክፈቺ። ግን ንገሪኝ፣ ማነው?" ሳለ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ቆየ። "ከኋላ፣ ከክሩ በኩል ነው። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። አናገርኩት፣ አይመልስም። ትንፋሹ እንደኔው ነው፤ እያጠረ ነው የሚሄደው።"

እምቢታ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። የአንድ ሰው ትንፋሽ ሰማች። የአንድ ሰው መሆኑን በልቧ ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ሄደች።

እናቷ ነቅተዋል። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ይሄ ልማዳቸው ነው፤ ጆሮ ስለሌላቸው ዓለምን በእጃቸው ነው የሚሰሙት። ግድግዳው የክር ቤቱም ግድግዳ ነው። ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት "ጎረቤታችን ዛሬም አልተኛም" ይላሉ። እምቢታ የእርጅና ነው ብላ ብርድ ልብሳቸውን ታስተካክልላቸዋለች።

"ልጄ" አሏት አሁን።

"አቤት እማዬ" አለች፤ እንደማይሰሙ እያወቀች።

"ዛሬ ሁለት ናቸው።"

ማንም ለእኚህ ሴትዮ ሰው ተይዟል ብሎ አልነገራቸውም። እምቢታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ስልኳን አወጣች። ሽማግሌው ዘበኛ ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ሰው መቀስቀስ ነውር ነው፤ ግን አንዴ እንደጠራ አነሱት፤ ስልኩን እጃቸው ላይ ይዘው የተቀመጡ ያህል።

"አስገባሽ እንዴ?" አሉ። ማነሽ አላሉም።

"አባባ፣ ማን ነገረዎት?"

"ማንም። በዚህ ሰዓት ለምን ትደውይልኛለሽ ታዲያ?"

ክር ቤት ሰው መቆለፏን ነገረቻቸው። የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ።

"ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ሰው ያዝኩ። የያኔው አለቃ እዚያ አሳድረው አለኝ። አሳደርኩት። ብረቱን በመታሁ ቁጥር እሱም በሩን ይመታል። እያሾፈብኝ መሰለኝ፤ ተናደድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ስመታ መመለስ ጀመረና አራት ላይ ተወው። ተመስገን፣ ተኛልኝ አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"ጠዋት አለቃው በመኪና ወሰደው። የት እንደወሰደው አላውቅም። አልጠየቅኩም። እግሩን ብቻ ነው ያየሁት፤ አንድ ጫማ አልነበረውም።"

"መዝገቡስ ምን ይላል?"

"ምን ይላል! ማታ ጽፌ ጨርሼ አልነበር? ሰላም ነው ይላላ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ልጄ እንቅልፍ ማጣት ነው ትለኛለች። አንቺ ልጅ፣ ክፈቺለት። የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ስሜን ጥሪ። አልቀየምሽም።"

ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ወለቀ። አላነሳችውም። በሩን ስትከፍት ሰውየው በሩ ሥር እንደተጋደመ ነው፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ተከፍቷል ግን እሷን አላያትም። በቀበቶው ይዛ ጎትታ አወጣችው። ዕጣ የቀለደ ይመስል፣ የያዘችበትም ያወጣችበትም ያው ቀበቶ ሆነ። ደጅ አውጥታ ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ደረቱ አንዴ ሲጥ አለና አየር ገባለት።

"እሱስ?" አላት። "ያኛውስ?"

"ቆይ።"

ተመልሳ ባትሪዋን ወደ ውስጥ አበራች። ክር። እስር በእስር፣ ነጭ በነጭ። ማንም የለም። ጥግ ላይ አንዱ እስር ሰው ተደግፎት እንደተቀመጠ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል፤ አዲስ ይሁን አሮጌ አላወቀችም። ልትወጣ ስትዞር ብርሃኑ የበሩን የውስጥ ገጽ አገኘው። ከጉልበት በታች፣ ተቀምጦ እጅ የሚደርስበት ላይ፣ ቀለሙ ተፍቋል። በቁልፍ ወይ በቀበቶ ዘለበት የተጫረ ነው። መስመር መስመር ሆኖ ተሰልፏል። ተንበረከከች። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስድስት ጭረት አለ። ከሥሩ ሰባት። ከሥሩ ስምንት። የመጨረሻው መስመር አራት ብቻ ነው፤ አራተኛዋ ጭረት ወደ ታች ተንሸራታ ወለሉ ጋ ደርሳለች።

ጣቷን አስቀምጣ ቆጠረች። ከዚያ ደግማ ቆጠረች። ጭረቶቹ ዝገዋል። የዛሬው ሰው አይደለም የጫራቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከእንጨት መሰንጠቂያው በኩል ብረት መመታት ጀመረ። እሷ ግን የራሷን ብረት አልመታችም። ከየአቅጣጫው ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ተመታና ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ በሩን በትከሻዋ እንደያዘች ጠበቀች። ምንም አልተንኳኳም። ትልቅ ድንጋይ አምጥታ በሩ እንዳይዘጋ ሥሩ ወተፈችበት።

ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ደወለች።

"ፖሊስ ጠርቻለሁ" አለችው።

"ምን አልሽ?"

"ሰውየውን አስረክባለሁ። እኔ ማሰር አልችልም። እርስዎም አይችሉም።"

"ማን አስተማረሽ አንቺን? በቃ፣ ከሥራ ተባረሻል! አሁኑኑ!"

"እሺ ጌታዬ። እስኪነጋ ግን ተረኛ እኔ ነኝ።"

እናቷን አየች። መዳፋቸውን ከግድግዳው አንስተው ደረታቸው ላይ አድርገውታል። ተኝተዋል። ወዴት እንደሚወስዷቸው አታውቅም። እሱ የነገ ነው። መዝገቡን ሳበችና እስክሪብቶውን በቡጢዋ ያዘች። የስምንት ሰዓቱን "ሰላም ነው" ሰረዘችው። የዘጠኝ ሰዓቱንም ሰረዘችና ከጎኑ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየተሸከመች፣ "ሰላም አይደለም" ብላ ጻፈች። ከዚያ የአሥሩን፣ የአሥራ አንዱን፣ የአሥራ ሁለቱንም ሰረዘቻቸው። ገና አልደረሱማ።

ፖሊሶቹ ሁለት ሆነው ሲመጡ አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር። አንደኛው ሰውየውን ውኃ አጠጥቶ መኪና ውስጥ አስገባው፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይወስዱታል። ልብስ ሰፊው ሲያልፍ ነጩን ጥቅል ክር ጠረጴዛው ላይ አይቶ አንገቱን ደፋ። ሌላኛው፣ ወጣቱ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

"እናት፣ ስንት ሰዓት ላይ ያዝሽው?"

"ሰባት ተኩል ላይ።"

"የደወልሽው ዘጠኝ ካለፈ ነው። በመሃሉ የት ነበረ?"

"ክር ቤት ቆልፌበት።"

ቀና ብሎ አያት። "በማን ሥልጣን?"

አለቃዬ አዞኝ ነው ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ። መለሰችው።

"ሥልጣን አልነበረኝም። ያዘዘኝም መቆለፌም ይጻፍ፤ መጀመሪያ ግን የኔን ጻፍ።"

ጻፈ። እስክሪብቶው ሲሮጥ እያየች በፍጥነቱ ቀናች። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደሷ አዞረውና አነበበላት። "ተይዞ የነበረ ሰው፣ አንድ፣ በሕይወት፣ ግን በጤና እክል ላይ እያለ ከጥበቃ ሠራተኛዋ ተረክቤያለሁ። እዚህ ጋ ፈርሚ።"

እስክሪብቶውን አልተቀበለችውም።

"እምቢ" አለች።

"ምን ማለት ነው እምቢ? ምኑ ተሳሳተ?"

"ቁጥሩ። አንድ አይደሉም፣ ሁለት ናቸው። አንዱን አስረከብኩህ። ያኛው ስድስት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን ያስረከበው የለም።"

ፖሊሱ ወደ መኪናው አየ፤ ወደ ተኙት አሮጊት አየ፤ ወደሷ አየ። የምትቀልድ አትመስልም።

እምቢታ ባትሪዋን ከጠረጴዛው አነሳች። "ደብተርህን ይዘህ ና" አለችውና፣ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንዱ ባዶዋን፣ ወደ ክር ቤት ቀድማው ሄደች።